በቨርጂኒያ ተርኪ ማደን ለምትፈልጉ ወገኖች፤ ለአደን መሪዬ የቀረበ ምስጋና

በቨርጂኒያና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ በጸደይ የዱር ተርኪ የተባለውን ትልቅ ወፍ ለማደን የምታስቡ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በሸናንዶዋ ሸለቆ አደን የሚመሩ አንድ አዛውንትን በአደባባይ ለማመስገንና ወደ እሳቸው እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸው በየቦታው እንዲጻፍ ስለማይወዱ አልጠቀስኩትም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በፈቃዳቸው ስልካቸውን እሰጣለሁ።

ከእሳቸው በፊት የደረሰብኝን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። አንዱ መሪ ሙሉ ክፍያውን አስቀድሞ ተቀብሎ ወደ ጫካው ያስገባኝ ፀሐይ ወጥታ፣ አውራዎቹ (ወንዶቹ ተርኪዎች) ካደሩበት ዛፍ ወርደው ከሴቶቹ ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ ነበር። ሌላው ደግሞ የአውራ ጩኸት በሰማ ቁጥር «ተነሥ፣ ወደ ድምፁ እንሂድ» እያለ በየቁጥቋጦው ሲያንከራትተኝ ዋለ። ያ ድምፅ የሌላ አዳኝ መጥሪያ፣ ማለትም የተርኪን ድምፅ አስመስሎ ወፉን የሚጠራበት መሣሪያ፣ ሊሆን እንደሚችልና ድምፅ ተከትሎ መሹለክ ሰውን ለጥይት እንደሚዳርግ አንድም ጊዜ አልነገረኝም። ገንዘቤን ስጠይቅ ስልክ የሚያነሣ አጣሁ።

እኚህ አዛውንት ግን ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዋዜማው ነው። አመሻሹ ላይ እንደ ጉጉት ሲጮኹ አውራው ካረፈበት ዛፍ ላይ ሆኖ ይመልስላቸዋል፤ በዚያ ማደሪያውን ያውቁታል። ሊነጋ ሲል ከትከሻዬ የሚሰፋ ግንድ መርጠው ጀርባዬን አስደግፈው አስቀመጡኝ፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው ቢተኩስ ግንዱ ይከልለኛል። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆነ ነገር ሁሉ እንዳይታይብኝ ልብሴን አንድ በአንድ ፈተሹ፤ የአውራው ራስ ቀለም ይኸው ነውና። ስለ ጠመንጃውና ስለ ጥይቱም ብዙ አስረድተውኛል፤ እሱን ከራሳቸው ብትሰሙት ይሻላል።

የማልረሳው ግን ይህን ነው። አውራው እየመለሰ ሲቀርብ፣ ቅጠልያ የለበሰ የማናውቀው ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ እኛ ድምፅ ሲሳብ አዩ። እጃቸውን አላወዛወዙም፤ እንቅስቃሴ ያስተኩሳል። ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ በሙሉ ድምፃቸው «እዚህ ሰው አለ!» ብለው ጮኹ። ወፉ ጠፋ፣ የዚያ ቀን አደንም አበቃ። ሰውየው ደንግጦ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ክፍያቸውን ስዘረጋላቸው «የዛሬው አይቆጠርም፣ ነገ በሌሊት ና» ብለው እጄን መለሱ። እንዲህ ያለ ሰው ስንቱ ነው?

በማግስቱ ሌላ አውራ መለሰልንና ከሩቅ ቆሞ ቀረ። ደጋግመው ይጠሩታል ብዬ ስጠብቅ፣ የእንጨት መጥሪያቸውን ቅጠሉ ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። በተፈጥሮ ወደ አውራው የምትሄደው ሴቷ ናት፤ ዝም ስትለው ግን ፈላጊው እሱ ይሆናል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ድምፅ ሳያሰማ፣ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ መጣ። «ደረቱ ላይ ያለውን ጢም ሳታይ ጣትህን ቃታው ላይ እንዳታደርግ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ ጢም የሚሉት ከደረቱ የሚንጠለጠለውን ፀጉር መሰል ላባ ነው፤ በቨርጂኒያ በጸደይ የሚፈቀደው ጢም ያለው ብቻ ነውና። አስቀድመው በ40 ያርድ ርቀት ያመላከቱኝን ዛፍ አልፎ ሲቀርብ ተኮስኩ። በእምነታችን ባርኮ ማረድ እንዳለብኝ ነግሬያቸው ስለነበር፣ ቢላ አቀብለውኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠበቁኝ። ጾም ስለነበር ሥጋውን ለፋሲካ አቆየነው፤ ጠንካራው የእግሩ ሥጋ በዝግታ ሲሠራ ግሩም ወጥ ወጣው፣ ለእሳቸውም ከእንጀራ ጋር ወሰድንላቸው።

ይህ ወፍ ከብዙ ግዛቶች ሊጠፋ ተቃርቦ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የጠመንጃና የጥይት ግብር ሕግ ለመመለሱ ገንዘብ እንዳስገኘ፣ የዱር ተርኪ ብሔራዊ ፌዴሬሽንም በ1973 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፍሬድሪክስበርግ እንደተመሠረተ ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው። ለወፉም ለሰውም የሚሳሱ ናቸው።

ወገኖቼ፣ ወደ እሳቸው ሂዱ። የአዳኝነት ትምህርታችሁንና ፈቃዳችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ያለ ፈቃድ ማንንም አይወስዱም። ወቅቱ የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ስለሆነ፣ መጀመሪያዎቹ ሳምንታትም እስከ ቀትር ብቻ ስለሚታደንባቸው ቀናቸው ቶሎ ይያዛል፤ ከአሁኑ ደውሉላቸው።