ለውሻ ትሪት የሚሻለው ኦቨን፣ ማድረቂያ ማሽን ወይስ የታሸገው?

ውሻ ያለው ጓደኛ ሁሉ አሁን አሁን የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ማድረቂያ ማሽን ልግዛ? የትኛውን?» ሰው ሱቅ ገብቶ የታሸገ ትሪት፣ ማለት ለውሻ እንደ ጉርሻ የሚሰጥ መክሰስ፣ ዋጋ ሲያይ ይደነግጣል። ቤት ሲገባ ዩቲዩብ ላይ አንዷ ጉበት ቆራርጣ፣ ማሽን ውስጥ ደርድራ፣ በማግስቱ ደርቆ ስታወጣው ያያል። ከዚያ ለእኔ ይደውላል። እኔን የሚጠይቁኝ ለውሻዬ ለቡቺ ለዓመታት በቤት ስሠራ ስለሚያዩኝ ነው፣ በዚያ ላይ የተበላሸ ዕቃ መፍታት እንደምወድ ያውቃሉ። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ድምፅ ከመላክ አንዴ ልጻፈውና ይገላገሉኝ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። አንድ ውሻ ካላችሁ ማሽን አትግዙ። ኩሽና ውስጥ ያለው ኦቨን ይበቃችኋል። ዋጋው ይህን ይላል፣ ጤናውም ይህን ይላል፣ የፈታኋቸው ማሽኖችም ይህንኑ ይላሉ።

ከዋጋ ልጀምር። የምኖረው ዲሲ አካባቢ ስለሆነ ሒሳቡ በዶላር ነው። የታሸገ የበሬ ጉበት ትሪት ስትገዙ ከረጢቱ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ አትዩ፣ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። 8 ዶላር ይላል፤ ትንሽ ይመስላል። ገልብጣችሁ ክብደቱን ስታዩ 3 አውንስ። ፓውንድ 16 አውንስ ነው፣ አስሉት፤ ፓውንዱ ከ42 ዶላር በላይ ሊሸጥላችሁ ነው። በትልቁ ዕቃ ስትገዙ ይቀንሳል፣ እሱም ቢሆን እኔ የማየው ፓውንዱን ከ25 እስከ 35 ዶላር ነው። በዚህ ዋጋ ለሰው የሚሆን ምርጥ ሥጋ ይገዛል።

ጥሬ ጉበት ደግሞ እዚህ የሐላል ሥጋ ቤቶችና የላቲኖ ገበያዎች ጋ 3 ዶላር አካባቢ ነው ፓውንዱ። የዶሮ ጉበት አንዳንዴ ከዚያም ይረክሳል። ጉበት ከመቶ ሰባው ገደማ ውኃ ስለሆነ 1 ፓውንድ ጥሬ ሲደርቅ የሚተርፋችሁ 5 አውንስ አካባቢ ነው። ስለዚህ 1 ፓውንድ ደረቅ ለማግኘት ከ3 ፓውንድ ትንሽ ከፍ ያለ ጥሬ ትገዛላችሁ። 10 ዶላር በሉት። ከታሸገው ጋር ስታስተያዩት ሲሶው ነው፣ አንዳንዴም ከሲሶው በታች።

«ኦቨን መብራት ይበላል፣ ማሽኑ ይቆጥባል» የሚሉኝ አሉ። ይህን ነገር ማን እንዳስወራው አላውቅም። መካከለኛ ማድረቂያ 600 ዋት ነው። 8 ሰዓት ከሠራ ቢበዛ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፣ በ17 ሳንቲም ሒሳብ 80 ሳንቲም ገደማ። ኦቨን በትንሽ ሙቀት 3 ሰዓት ቢበራ ያለማቋረጥ አይነድም፤ ይበራል፣ ይጠፋል። በእኔ ግምት 50 ሳንቲም አይሞላም። ልዩነቱ የሳንቲም ነው፣ እሱም ቢሆን ለኦቨኑ ያደላል። ማሽኑ ግን ገና ከመግቢያው 40፣ 80፣ 150 ዶላር ይጠይቃል።

ርካሹን የታሸገ ጀርኪ፣ ማለት ያን ቀጫጭን የደረቀ የዶሮ ሥጋ፣ ከሒሳቡ ውጭ ያደረግሁት አውቄ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ ከ2007 ጀምሮ የዶሮ፣ የዳክዬና የስኳር ድንች ጀርኪ ስለበሉና ስለታመሙ ውሾች ብዙ ጥቆማ ደርሶታል። አብዛኛው ምርት ከቻይና የመጣ ነበር። እስከ 2014 ድረስ በጥቆማው ሞቱ የተባሉት ውሾች ከ1,000 በላይ ናቸው። ለዓመታት ተመርምሮም ቁርጥ ያለ ምክንያቱ አልታወቀም። እንግዲህ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ እኔ ቤት አይገባም።

አሁን ወደ ማሽኑ። ርካሹ፣ ክቡ፣ ባለ ላስቲክ ትሪው ማሽን ነው ሰዉን የሚፈጀው። 35 ወይም 40 ዶላር ነው፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ዓይነት፣ ሥዕሉ ላይ ከታወቁት ጋር ቁርጥ አንድ የሚመስል። የአንድ ጓደኛዬ አምስት ወር ሳይሞላው ቆመ። አመጣልኝና ፈታሁት። ፋኑና ሞተሩ ከታች ናቸው፣ መሃል ላይ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፣ ጉበት ደግሞ ያንጠባጥባል። የሚንጠባጠበው ደምና ስብ በዚያ ቀዳዳ ወርዶ የፋኑ ክንፍ ላይ እንደ ሙጫ ደርቋል። ፋኑ ሲከብደው ዘገየ፣ አየር ሲያንስ ማሞቂያው ከልክ በላይ ጋለ፣ ከልክ በላይ ሲግል መብራቱን የሚቆርጠው የሙቀት ፊውዝ ተቃጠለ። ፊውዙ ራሱ የአንድ ሁለት ዶላር ዕቃ ነው። መቀየሩም ከባድ አይደለም፣ ግን በሳልደር እንዳታጣብቁት፤ የሳልደሩ ሙቀት አዲሱን ፊውዝ ገና ሳይሠራ ይገድለዋል። ሽቦውን በፒንሳ በሚጨመቅ ማያያዣ ነው የሚያያዙት። አስነሣሁለት። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ መጮኽ ጀመረ፤ ለሞተሩ መለዋወጫ ስንፈልግ ያ የሸጠው ስም ከነጭራሹ ጠፍቷል። ድርጅት የለ፣ ስልክ የለ፣ ዋስትና የለ።

ከዚያ የባሰው የሙቀት መደወያው ነው። የኦቨን ቴርሞሜትር ውስጡ ከተን አየነው። መደወያው 160 ፋራናይት ላይ ነው፣ ቴርሞሜትሩ 125 አካባቢ ቆሟል። ቁጥሩ ጌጥ ነው እንጂ ከበስተጀርባው የሚቆጣጠረው ነገር የለም። ለቲማቲም ይህ ግድ ላይሰጥ ይችላል። ለጉበት ግን ሁሉ ነገር እሱ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። ቋንጣ ሰቅለን ያደግን ስለሆንን ሥጋ ማድረቅ ማንም አያስተምረንም እንላለን። ግን ቋንጣውን ከመበላሸት የሚጠብቀው መድረቁ ብቻ ሳይሆን ጨውም ነው፣ በርበሬውም ያግዛል። ለውሻ ሁለቱም አይሆኑም። እንግዲህ የጨውን ሥራ እሳት መሥራት አለበት። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ጀርኪ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው፤ ከማድረቅ በፊት ሥጋው 160 ፋራናይት፣ ማለትም 71 ሴልሺየስ፣ ዶሮ ከሆነ 165 ይድረስ። በዝቅተኛ ሙቀት መድረቅ ከጀመረ በኋላ ባክቴሪያው ሙቀቱን ይለምደውና አይሞትም። ሳልሞኔላ ደግሞ የውሻው ብቻ ጣጣ አይደለም። ትሪቱን ለውሻው የሚያጎርሰው የልጃችሁ እጅ ነው፣ ያው እጅ ተመልሶ አፉ ይገባል።

ስለዚህ ማሽን ቢኖራችሁም መጀመሪያ ምድጃ ላይ መቀቀላችሁ አይቀርም። ከተቀቀለ በኋላ የሚቀረው ውኃውን ማውጣት ብቻ ነው። እሱን ኦቨኑ ይሠራዋል። ለዚህ ነው 80 ዶላሩ የማይገባኝ።

እኔ እንዲህ ነው የምሠራው። ጉበቱን ግማሹ በረዶ እንደሆነ እቆርጠዋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ከሟሟ እየተንሸራተተ ከቢላው ያመልጣል። ውፍረቱ የግማሽ ጣት ያህል ይሁን። የፈላ ውኃ ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል፣ አንዱን ሰንጥቃችሁ መሃሉ ላይ ቀይ እስከማታዩ ድረስ። ቡናማ አረፋ ይወጣል፣ ግፈፉት። አጥልሉት፣ በወረቀት ፎጣ አድርቁት፣ ይህን አትዝለሉ፤ እርጥብ ከገባ አንድ ሰዓት ይጨምርባችኋል። ከዚያ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ከትፋችሁ፣ ትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፋችሁ፣ ሳይነካካ ደርድሩት። ኦቨኑ 200 ፋራናይት፣ 93 ሴልሺየስ ገደማ። በሩ ላይ የእንጨት ማንኪያ አስገብታችሁ ትንሽ ክፍት ተዉት፣ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ግን ከኩሽና አትራቁ። መሃል ላይ አንዴ ገልብጡት። 2 ሰዓት ተኩል፣ 3 ሰዓት። መድረሱን ትኩሱን ነክታችሁ እንዳትፈርዱ፣ ትኩስ ሁሌም ለስላሳ ነው። አንዱን አውጡና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። እንደ ጎማ ከታጠፈ ገና ነው።

ሽታው ከባድ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ኮት በአካባቢው አይሰቀል።

ጨው ስለሌለው ውጭ አይቀመጥም። የሁለት ሳምንቱን ፍሪጅ፣ የቀረውን ፍሪዘር። በዚህ ላይ የታሸገው ይበልጣል፣ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ መኪና ውስጥ ቢከርም ምንም አይሆንም። ረጅም መንገድ ስንሄድ እኔም ትንሿን ከረጢት እገዛለሁ።

ምንም አትጨምሩበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፣ የደም ሴሉን ነው የሚያፈርሱት፤ ስለዚህ የተረፈ ዱለት፣ የወጥ ፍርፋሪ፣ ከጓዳ የወጣ ቋንጣ ትሪት አይሆንም። ዘቢብም እንዲሁ። ኦቾሎኒ ቅቤ የምትቀቡ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ፣ ዚላይቶል የሚባል ጣፋጭ ካለበት አትንኩት። አንዳንዱ የበርች ስኳር ብሎ ይጽፈዋል፣ ያው ነው። ጉበት ራሱም ይበዛል፤ ቫይታሚን ኤ የታጨቀበት ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ትሪት በጠቅላላ ከቀን ምግቡ ካሎሪ ከ10 በመቶ አይብለጥ ይላሉ። መካከለኛ ለሆነ ውሻ ይህ በጣት የሚቆጠር ቁራጭ ነው። አሁን ሒሳቡን እንደገና እዩት፤ 1 ፓውንድ ደረቅ ለአንድ ውሻ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ። ማሽኑ ዋጋውን የሚመልሰው መቼ ነው?

ኤርፍራየር ያላችሁ ማድረቂያ የሚለው ቁልፍ ካለው ተጠቀሙበት። የሚይዘው ትንሽ ነው፣ ፋኑም ቀላሉን ቁራጭ ያበንነዋል። ለመቅመስ ያህል ጥሩ ነው። ለዚህ ብላችሁ ግን አዲስ አትግዙ።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፣ «አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ማሽኑን ልላክላት?» አትላኩ። የዚህ አገር ዕቃ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ እዚያ 220 ነው። እንደሰካችው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይግዛ ከተባለ 600 ዋት በደንብ የሚችል ከባድና ውድ ነው። በዚያ ላይ መብራት በአራተኛው ሰዓት ቢጠፋ ግማሽ የደረቀ ሥጋ ሞቃት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል፤ የሚጣል ነው። ምድጃ ላይ ቀቅላ በኤሌክትሪክ ምጣድ በትንሽ ሙቀት እያገላበጠች ብታደርቀው እጅግ ይሻላታል። ለእሷ ከማሽን በላይ የሚጠቅማት መቀቀሉ ነው። አገር ቤት ከሥጋ ቤት የተጣለ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መስጠት የተለመደ ነው። ውኃ የቋጠረ ዕጢ ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ ጥሬውን ከበላ ከኮሶ ወገን የሆነ ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ይራባል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ሰው ላይ ሲደርስ ያንኑ ዕጢ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያበቅላል። ቀዶ ጥገና እስከመጠየቅ የሚደርስ በሽታ ነው። ዕጢ ያለበትን አትግዛ፣ የገዛችውንም በደንብ ታንተክትከው።

ማሽን መግዛት ያለበት ሰው አለ። ሁለት ሦስት ትላልቅ ውሾች ያሉት፣ ወይም ለጓደኛ ሁሉ የሚያድል፣ ወይም ኦቨኑ የማይሠራ። እንዲህ ከሆናችሁ ፋኑ ከኋላ የሆነውን ግዙ፤ አየሩ ከጎን ይነፍሳል፣ የሚንጠባጠበው ሞተር ላይ አይወርድም። ትሪው ብረት ይሁን፣ ላስቲኩ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይሰነጠቃል። ሙቀቱ እስከ 160 ፋራናይት ይድረስ። ዩኤል ወይም ኢቲኤል የሚል የደህንነት ምርመራ ምልክት ከታች ይፈለግ፣ አስመስለው የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የላቸውም። ኮሶሪ እና ኤክስካሊበር ከኋላ ፋን ያላቸው አሏቸው። በጀቱ ካነሰ ኔስኮ ክብ ቢሆንም ፋኑ ከላይ የሆነ ሞዴል አለው፣ ቢያንስ ደሙ ሞተሩ ላይ አይንጠባጠብም።

አዲስ ከመግዛት ደግሞ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ፈልጉ። ሰው ገዝቶ አንዴ ተጠቅሞበት ጋራዥ ይጥለዋል፣ በግማሽ ዋጋ ታገኛላችሁ። የኦቨን ቴርሞሜትር በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስምንት ዶላር አይሞላም። 160 ላይ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ አብሩት፣ ቁጥሩን አንብቡ፣ ጆሯችሁን ወደ ፋኑ አስጠጉ። ሻጩ ሰክቶ ለማሳየት ካቅማማ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።