የ199 ዶላሩ ክሩዝ፦ ዜል ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በቴሌግራም ወይም በቫይበር ግሩፕ «ባሃማስ፣ 4 ሌሊት፣ በሰው 199 ዶላር ብቻ» የሚል የክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ ጉዞ) ፍላየር ለደረሳችሁ ሁሉ ነው። እኛ ከሜሪላንድ ተነስተን በኦገስት ሄደን መጥተናል። አምስት ነበርን፤ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን፣ አብራን የምትኖረው እናቴ። በሰላም ገብተናል፣ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ገንዘባችንና የዓመት ዕረፍታችን ግን ባከነ፤ ሌላ ቤተሰብ በዚያው መንገድ እንዲያልፍ አልፈልግም።

ፍላየሩ ላይ የሚታየው መርከብ አዲስ ነው። ቀይና ቢጫ የውሃ መንሸራተቻ አለው፣ ሰገነት ያላቸው ክፍሎች ተደርድረዋል። የመርከቡ ስም ግን የትም ቦታ አልተጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሻጩ የኛው ሰው ነው፣ ደግ አነጋገር አለው፣ «ለወገን ብዬ ነው እንጂ እኔ የማገኘው ነገር የለም» ብሎናል። አመንነውና ሙሉውን ገንዘብ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክ ክፍያ) ላክን። የመርከቡን ስም ያወቅነው ልንሄድ ዘጠኝ ቀን ሲቀረን፣ የመሳፈሪያው ወረቀት በኢሜይል ሲመጣ ነው። ባለቤቴ ስሙን ሲፈልግ ሥራ ከጀመረ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው፣ ከዚህ በፊት በሌላ ሁለት ስም የተጠራ መርከብ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ሰዓት ብንሰርዝ አንድ ሳንቲም አይመለስልንም ነበር። ሻጩን ስንጠይቀው «ፎቶው ለማሳያ ነው፣ ባሕሩ እንደሆነ ያው ነው» አለን።

ማያሚ ወደብ ስንደርስ ትልልቆቹ መርከቦች ተደርድረው ቆመዋል። ትንሿ ልጄ በእያንዳንዱ እየጠቆመች «ይሄ ነው የኛ?» ትላለች። የኛ መጨረሻ ላይ የቆመው፣ ከመስኮቶቹ በታች የዝገት መስመር የወረደበት ነበር። ገብተን የካቢኑን በር ስንከፍት የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ተቀበለን። ኮሪደሩ ላይ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ስር ባልዲ አስቀምጠዋል፤ ባልዲው እስከ መጨረሻው ቀን ከዚያ አልተነሳም፤ እየሞላ ይደፋል፣ ይመለሳል።

ሁለተኛው ሌሊት ሽንት ቤቱ ቆመ። የመርከብ ሽንት ቤት እንደ ቤታችን ውሃ ገፍቶት አይወርድም፤ እንደ አውሮፕላኑ በአየር ተስቦ ነው የሚሄደው። ብዙ ካቢኖች በአንድ ቱቦ ስለሚያያዙ አንዱ ዘንድ ሲደፈን የጎረቤቱም አብሮ ይቆማል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ልጄን ይዤ በፒጃማ ሁለት ፎቅ ወጥቼ የሕዝብ ሽንት ቤት ወረፋ ያዝኩ። ጠዋት እጅ መታጠቢያውን ስንከፍት የመጣው ውሃ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። እናቴ ቧንቧውን እያየች ቆየችና «ልጄ፣ ውሃ ላይ ሆነን ውሃ ቸገረን እኮ» አለችኝ። ጉልበቷን ያማታል። ከመርከቡ ፊት ለፊት ካሉት ሦስት ሊፍቶች የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለነበር፣ ምግብ ቤት ለመድረስ በየደረጃው እያረፈች አምስት ፎቅ መውጣት ነበረባት። ፍልሰታ ስለነበር ያገኘችው ሰላጣ፣ ዳቦና ነጭ ሩዝ ነው። ጿሚ የምትሆኑ ከመሳፈራችሁ ብዙ ቀን ቀድማችሁ «ቪጋን» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ እዚያ ደርሳችሁ ብትጠይቁ ምርጫው ጠባብ ነው።

ካቢናችንን የሚያጸዳው ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ እየመጣ ይቅርታ ይጠይቀን ነበር። ሠራተኞቹን ለመውቀስ አንደበት የለኝም፤ የተበላሸ ዕቃ ተሰጥቷቸው ነው የሚሠሩት። ተቆርጦ የነበረውን ቲፕም አላስነሳንም።

አሁን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝን ልንገራችሁ። ከኛ ጋር ከተመዘገቡት አንዱ የጥገኝነት ኬዙ ገና ያልተወሰነለት ወጣት ነበር። ሻጩ «ከአሜሪካ ተነስቶ አሜሪካ ነው የሚመለሰው፣ ፓስፖርት እንኳ አያስፈልግም» ብሎታል። እባካችሁ ይህን ቃል እንዳታምኑ። ተነስቶ እዚያው ወደብ ለሚመለስ ክሩዝ በልደት ሰርተፊኬትና በመንግሥት መታወቂያ መሄድ የሚቻለው ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው። ባሃማስ ሌላ አገር ነው፤ መርከቡ ከአሜሪካ ባሕር ሲወጣ እናንተም ከአሜሪካ ወጥታችኋል፣ ስትመለሱም በኢሚግሬሽን በኩል ነው የምትገቡት። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይዝ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ያለውም አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ መያዝ አለበት። ጥገኝነት የተፈቀደላችሁም ብትሆኑ ሪፊውጂ ትራቭል ዶክመንት (የስደተኛ የጉዞ ሰነድ) ሳትይዙ አትውጡ። ያ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ ወደቡ ላይ ወረቀቱን ያየችው ሠራተኛ አላሳፈረችውም። ገንዘቡ ቀረ፣ ኬዙ ግን ተረፈ። ሻንጣውን እየጎተተ ሲመለስ ያየሁት ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሳይሆን ጠበቃችሁን ጠይቁ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። 199 በአምስት ሰው 995 ዶላር ነው። ከዚያ ታክስና የወደብ ክፍያ በሰው 118፣ በድምሩ 590። ቲፕ በሰው በቀን 17 ስለሆነ ለአራት ቀን 340። ባለቤቴ ለሥራው ኢንተርኔት ያስፈልገው ነበርና በቀን 25፣ በጠቅላላው 100። እናቴ ባሕሩ ሲያናውጣት የመርከቡ ሐኪም ዘንድ ወስደናት 230። 2,255 ዶላር! የአውሮፕላኑ ትኬትና ማያሚ ያደርንበት ሆቴል በዚህ ውስጥ የሉም። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ ምክንያት በርካታ ትልልቅ ኩባንያዎች ታክሱንና የወደብ ክፍያውን በማስታወቂያ ዋጋቸው ውስጥ አካተው ማሳየት ጀምረዋል፤ ስለዚህ ፍላየሩ ላይ ያለው ዋጋና የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ያለው ካልተገናኙ ልዩነቱን ጠይቁ። ዋጋው የሚቆጠረው ሁለት ሰው በአንድ ካቢን እንደሆነም አትርሱ፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል።

የሐኪሙን ነገር በተመለከተ፣ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ያላችሁ ወላጆች መርከብ ላይ የሚሸፈንላችሁ መርከቡ አሜሪካ ወደብ ላይ ሲሆን ወይም ከወደቡ ከስድስት ሰዓት ባልበለጠ ርቀት ላይ ሲሆን ነው። ከዚያ ያለፈው ከኪሳችሁ ነው። እኛ የተሰጠን ካቢን ኩባንያው የመረጠልን ርካሹ ነበር፤ ከመርከቡ አፍንጫ ጫፍ ላይ ስለነበር ይነሳል፣ ይወድቃል። መሃል ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለውን ብንከፍልበት ኖሮ እናቴ ያን ያህል ባልታመመች ነበር።

መርከብ ስላረጀ ብቻ መጥፎ ነው አልልም። ዕድሜው ሃያ አምስት ያለፈ፣ በደንብ የተያዘ መርከብ አለ፤ አዲስ ሆኖም የሚበላሽ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ማሽን ክፍሉ ተቃጥሎ፣ ከ4,000 በላይ ሰው ይዞ፣ መብራትና ሽንት ቤት አጥቶ እየተጎተተ አላባማ የደረሰው ካርኒቫል ትራያምፍ በ1999 ሥራ የጀመረ መርከብ ነበር። ያ መርከብ በ2019 በትልቅ ዕድሳት ታድሶ ስሙ ካርኒቫል ሰንራይዝ ሆኗል። ዕድሳቱ ጥሩ ነገር ነው። ግን አያችሁ፣ አዲሱን ስም ብቻ የሚያውቅ ሰው የኋላ ታሪኩን ፈልጎ አያገኝም።

ስም ይቀየራል፣ ባንዲራ ይቀየራል፣ ባለቤት ይቀየራል፤ የማይቀየረው የአይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት) ቁጥሩ ነው። ሰባት አሃዝ ነው፣ መርከቡ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ እስኪፈርስ አብሮት ይኖራል። ሻጩን የመርከቡን ስምና ይህን ቁጥር በጽሑፍ ጠይቁት። በቁጥሩ ስትፈልጉ የተሠራበት ዓመትና የድሮ ስሞቹ ይወጣሉ። የመንገደኛ መርከብ በየጥቂት ዓመቱ ከውሃ ወጥቶ ሆዱ መታየት አለበት፤ ድራይ ዶክ ይሉታል። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደወጣና ክፍሎቹ መቼ እንደታደሱ ጠይቁ። መግቢያ አዳራሹን አሳምሮ ቱቦውን እንዳለ የሚተው አለና፣ ባለፉት ሦስት ወራት የሄዱ መንገደኞች የለጠፉትን ቪዲዮ ፈልጉ። እኔ ይህን ያደረግሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ባልዲው ቪዲዮው ውስጥ አለ! ከኛ በፊት፣ በሜይ የተቀረጸ ነው።

ሌላ ማንም በነጻ የሚያየው ነገር አለ። የአሜሪካው ሲዲሲ (የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም) ከአገሩ ወደቦች ተነስተው ውጭ አገር የሚሄዱ የመንገደኛ መርከቦችን ሳይነግር እየገባ ንጽሕናቸውን ይፈትሻል። ከ100 ነጥብ ይሰጣል፤ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል ማለት ነው። ሪፖርቱ በመርከቡ ስም ይገኛል። ነጥቡን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፣ ውስጡን አንብቡት፤ የትኛው ኩሽና፣ የትኛው ማቀዝቀዣ፣ ምን ተገኘ የሚለው ሁሉ ተዘርዝሯል።

ቅሬታ ስናቀርብ ምን ሆነ? ከሁለቱ መድረሻዎች አንዱን በንፋስ ምክንያት ዘለሉት፤ የተመለሰልን የዚያ ወደብ ክፍያ፣ በሰው ጥቂት ዶላር ነው። ውሉ ይህን ይፈቅድላቸዋል። ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ኦገስት ላይ ዋጋው የወረደበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለሽንት ቤቱና ለሊፍቱ ለሌላ ጉዞ የሚያገለግል የ25 ከመቶ ቅናሽ አቀረቡልን፤ አልፈረምንም። ከትራያምፍ በኋላ የክሩዝ ኩባንያዎች ማኅበር በ2013 ያወጣው የመንገደኞች መብት ዝርዝር አለ፤ በማሽን ብልሽት ጉዞው ከተሰረዘ ሙሉ፣ ተጀምሮ ከተቋረጠ ደግሞ ከፊል ገንዘብ ይመለሳል ይላል። የኛ ጉዞ ግን በቀኑ ስላለቀ እዚያ ውስጥ አልገባም። የፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን (የባሕር ትራንስፖርት የመንግሥት ተቆጣጣሪ) ደንብም ቢሆን የሚረዳው ጉዞው ሲሰረዝ ወይም መነሻው ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሲዘገይ ነው። ልክሰስ ብትሉ ደግሞ ውሉ ብዙ ጊዜ ክሱን ፍሎሪዳ ላይ ያስራል። በ1991 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መርከብ ላይ ወድቃ የተጎዳች የዋሽንግተን ስቴት ሴት በትኬቷ ላይ በተጻፈው መሠረት ፍሎሪዳ ሄዳ ትክሰስ ብሎ ወስኗል። ያን የትኬት ውል ሳትከፍሉ አስልኩና አንብቡት።

አከፋፈሉ ላይ የሠራነው ስህተት ነው በጣም የሚቆጨኝ። በክሬዲት ካርድ ብንከፍል ኖሮ ያልተባለ ዕቃ ነው የተሰጠን ብለን ለባንኩ ማመልከት እንችል ነበር፤ የመጀመሪያው ቢል ከመጣ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ ነው። ዜል ግን ጥሬ ገንዘብ እንደመስጠት ነው። ባንካችን «ራሳችሁ ናችሁ የላካችሁት» ብሎ መለሰን። ፍሎሪዳ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ሃዋይ ውስጥ ጉዞ የሚሸጥ ሰው በስቴቱ መመዝገብ አለበት፤ ከነዚያ ስቴቶች የሚሸጥላችሁን ሰው የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁት። ካርድ አልቀበልም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ የአጎታችሁ ልጅ ቢሆን እንኳ፣ በቀጥታ ከኩባንያው ግዙ።

ባለፈው ሳምንት ያው ፍላየር ለታንክስጊቪንግ ተብሎ እንደገና ተለጥፏል። መንሸራተቻው ያው ቀይና ቢጫ ነው፣ ዋጋው 219 ሆኗል፣ የመርከቡ ስም አሁንም አልተጻፈም። ከስሩ አሥራ አንድ ሰው «እኛን መዝግቡን» ብሎ ጽፏል። ለአሥራ አንዱም በውስጥ መስመር ጽፌላቸዋለሁ፤ እስካሁን የመለሱልኝ አራቱ ናቸው። ሰባቱን የምታውቋቸው ካላችሁ ይህን አድርሱልኝ።