ሐዋሳ፦ ሆቴሉ፣ ጀልባውና የደንገሉ ዳር

ኑሮዬ ስቶክሆልም ነው። ጥር ላይ አገር ቤት ስገባ አራት ቀን ሐዋሳ ከረምኩ፤ የሄድኩትም ለወፍ ብዬ ነው። ዉድ ሳንድፓይፐር የምትባለዋን፣ ጭራዋን እያነቀነቀች ጭቃ ላይ የምትለቅመውን ወፍ ግንቦት ላይ ስዊድን ረግረግ ውስጥ ስትራባ አያታለሁ። የአውሮፓን የብርድ ወራት ከምታሳልፍባቸው አገሮች አንዱ የእኛ ነው።

ሆቴሉ አልጋው ንጹሕ፣ ቁርሱ ጥሩ፣ ሠራተኞቹም ሰው አክባሪ ናቸው። ግቢው ግን ሐይቁን የሚገናኘው በድንጋይ ግንብ ነው። ሁለት ጠዋት በርቀት መነጽር ስፈልግ ያገኘሁት አባ ኮዳ ብቻ ነው። እንደ ሳንድፓይፐር ያሉ ትንንሽ ወፎች እምብዛም አይዋኙም፤ ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ትልና እጭ እየለቀሙ ነው የሚኖሩት። ግንቡ ሥር ውሃው ወዲያው ስለሚጠልቅ መቆሚያ የላቸውም።

አሞራ ገደል ከሚባለው የዓሣ ገበያ የተሳፈርኩበት የመጀመሪያው ጀልባ አሳዘነኝ። ፎቶ እንዲያምርልኝ ብሎ ሞተሩን እያስጮኸ ፔሊካኖቹ መሀል ገባ። እባክህ ተው ብለውም አልሰማኝም።

በማግስቱ በመቅዘፊያ የሚሄድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባበት አፍ ወሰደኝ። ለዚህ ልጅ የከፈልኩት አይቆጨኝም። ደንገሉ ጋ ስንደርስ መቅዘፉን አቁሞ «ጋሼ፣ ዝም ብለን እንጠብቅ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ጃካና የምትባል የውሃ ወፍ ወጣች። ጣቶቿ እንደ ሸረሪት እግር ረጃጅም ናቸው፤ የውሃ አበባው ቅጠል ከሥሯ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ አይሰምጥም። ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ እንደሆነ ስነግረው ልጁ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን «ይሄ ደንገል ከተነሳ ቆሮሶ ዓሣም የለም፣ የሚራባው እዚህ ነው» አለኝ።

ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚመጣው ከጨለለቃ ነው። ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ የገባው አፈርና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ዳሩ ላይ የቀረው ደንገል ያንን ከሚያጣሩለት አንዱ ነው።

የባጃጅ ዋጋ ቀድማችሁ ተስማሙ። የዓሣ ጥብሱ ግሩም ነው።

በመጨረሻው ቀን ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ግንቡ ያልደረሰባት ሠላሳ እርምጃ የምትሆን ጭቃ አገኘሁ። ሦስት ዉድ ሳንድፓይፐሮች እየለቀሙ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ጠርቼ አሳየሁት፤ ደስ ብሎት አየ፣ ግንቡ ግን ዘንድሮ እንደሚያልቅ ነገረኝ። ያቺን ሠላሳ እርምጃ ተዉላቸው ብዬ ለመንኩት፤ አስተያየት መስጫው መዝገብ ላይም ጻፍኩት።