ሳንቲሞቼን አብራኝ ላየች ልጅ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ምስጋናዬን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። እንደኔ ዕድሜው የገፋ፣ የሰበሰበው ነገር የሚያስጨንቀው ሰው ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት በ15 ዓመቴ ነው። አሁን 76 ሞልቶኛል። ዓይኔ ደክሟል። ያለ መነጽርና ያለ ደማቅ መብራት ሳንቲም ላይ ያለውን ዓመት ማንበብ አልችልም። ልጆቼ ጨዋ ናቸው፤ ለሳንቲም ፍቅር ያለው ግን አንድም የለም። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እየነሳኝ የማስበው ይህንኑ ነበር። እኔ ሳልፍ ይህ ሁሉ ምን ይሆናል? ልሽጠው ወይስ ይቀመጥ?

መጀመሪያ የሄድኩባቸውን ሰዎች ስም አልጠራም። የደረሰብኝን ግን ልናገር። አንዱ ሁሉንም ዘርግፎ ሚዛን ላይ ጫነው። ስንት ዓመት አንድ በአንድ የለቀምኩትን እንደ ቁራሌ በኪሎ! ሌላው ገና ቁጭ ሳልል «ሁሉንም ባንዴ ልውሰደው፣ ነገ ዋጋው ይወርዳል» እያለ አጣደፈኝ። ሦስተኛው ባሰ። ሳያስፈቅደኝ አንዷን አሮጌ ብር በማጽጃ ፈትጎ አብለጨለጫት። ያ ጠቆር ያለ መልኳ እኮ የዘመኗ ምስክር ነበር። የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል፤ ተመልሶም አይስተካከልም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ይህችን ልጅ ያገኘኋት በወዳጅ ጥቆማ ነው። ሥራዋ የቆዩ ሳንቲሞችን መገመት ነው። ገና ስንገናኝ «ጋሼ፣ እኔ እገምታለሁ እንጂ አልገዛም። የሚገምተውና የሚገዛው ሰው አንድ ከሆነ ለእርስዎ አይበጅም» አለችኝ። ከዚያ እጇን ታጥባ ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ አነጠፈች። ሳንቲሞቹን የምትይዘው በጠርዛቸው ብቻ ነው። እያንዳንዱን ስታነሳ «ይሄስ ከየት መጣ?» ትለኛለች። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሦስት ሰዓት ሙሉ አወራኋት። አንዴም ሰዓቷን አላየችም።

በመጨረሻ የአባቴ ጠገራ ብር ላይ ደረሰች። የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 1780 የሚለው። ዕድሜ ልኬን ትልቁ ሀብቴ እሷ ናት ብዬ ነው የኖርኩት። ልጅቷ በአጉሊ መነጽር አገላብጣ ብዙ አየቻት። ስለ ፊደሉና ስለ ጌጡ አስረዳችኝ፤ ሁሉም አልገባኝም። የገባኝ ይህ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ብሩ ያው ዓመት እንደተጻፈበት በተለያዩ አገሮች ሲቀረጽ ኖሯል። የኔዋም ከኋለኞቹ ናት። ብዙ አታወጣም።

ይህን የነገረችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ከዚያ ብሯን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን በእጇ ከደነችልኝ። «ይቺን አይሽጧት ጋሼ፣ የአባትዎ እጅ ያረፈባት ናት» አለችኝ። እስክሞት አልረሳውም።

የትኞቹ ለየብቻ፣ የትኞቹ በአንድ ላይ ቢሸጡ እንደሚሻል በእጇ ጻፈችልኝ። ለስላሳው ፕላስቲክ ማስቀመጫ ሳንቲም እንደሚያበላሽም ነገረችኝ። ያ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ለካ ከሱ ነበር! ስትወጣ «ዛሬ እንዳይወስኑ» አለች። «የሚያስቀሯቸውን ደግሞ ታሪካቸውን በወረቀት ይጻፉላቸው።»

ሁለት ወር አሰብኩበት። ከግማሽ በላዩን ለሌላ ሰብሳቢ ሸጥኩ። ሲሄዱ ሆዴ ባባ፤ ግን አልቆጨኝም። የቀሩትን 30 እኔ እየተናገርኩ የልጅ ልጄ ትጽፍላቸዋለች።

እባካችሁ፣ የሰበሰባችሁት ነገር ካለ ለሚያጣድፋችሁ ሰው አትስጡ። ይህችን ገማች ልጅ አማክሩ። ደግሜ እላለሁ፣ እሷን አማክሩ። ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ መጻፍ አልፈለግኩም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ይህን ካየሽው፣ የአባቴን ብር ታሪክ ትናንት ማታ ጽፈን ጨርሰናል።