ኩርስታኪ፣ አይዛዋይ ወይስ ስፒኖሳድ? መልሱ ያልሞተው ትል ዘንድ ነው

ፀረ ተባይ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይገድላል ወይ?» ብሎ ነው። ከባክቴሪያ የተሠሩትን፣ ኩርስታኪን፣ አይዛዋይንና ስፒኖሳድን፣ ሳወዳድር እኔ የማስቀድመው ግን ያልሞተው ትል ምን ይሆናል የሚለውን ነው። ርጭት ቅጠሉን ሁሉ እኩል አያዳርስም፤ ኩርስታኪንና አይዛዋይን ደግሞ ፀሐይ በጥቂት ቀናት ታዳክማቸዋለች። ስለዚህ ለሞት የማያበቃ መጠን ቀምሶ የሚተርፍ ትል ሁልጊዜ አለ።

ኩርስታኪና አይዛዋይ ሁለቱም ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ፣ በአጭሩ ቢቲ፣ የተባለው ባክቴሪያ ዝርያዎች ናቸው። ካልተበሉ አይሠሩም። ፕሮቲናቸው ሆድ ውስጥ ሟሙቶ የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳል፤ ትሉ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፣ የሚሞተው ግን ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የረጨሁ ጊዜ በማግስቱ ትሎቹን ጎመኑ ላይ እንዳሉ ሳገኛቸው ተታለልኩ ብዬ ደግሜ ረጨሁ። ቅጠሉን ገልብጬ ባይ ኖሮ ኩሳቸው ደርቆ፣ አዲስ አረንጓዴ ኩስ እንደሌለ አስተውል ነበር።

የተረፈው ትል አንጀቱን ይጠግናል፤ ዕድገቱ ግን ይዘገያል፣ ሙሽሬ (ወደ እሳት እራት ከመለወጡ በፊት ያለው ደረጃ) ሲሆን ክብደቱ ያንሳል፣ ከሙሽሬው የምትወጣው የእሳት እራትም የምትጥለው እንቁላል ይቀንሳል። ትንሽ ሆኖ በቆየ ቁጥር ጥገኛ ተርቦች፣ ማለትም ትል ላይ እንቁላል ጥለው ልጆቻቸው ትሉን በልተው የሚገድሉት፣ ያገኙታል። ቢቲ የገዛ ሰው የተርቦቹን ጉልበት በነፃ ያገኛል ማለት ነው።

ከሁለቱ ለተምች ወገን አይዛዋይን እመርጣለሁ፤ ኩርስታኪ የሌለውን ክራይ 1ሲ የተባለ ፕሮቲን ይዟል። ኩርስታኪን የለመደ የጎመን ትል ካጋጠመም መለወጫው እሱ ነው። ለሌላው አባጨጓሬ ኩርስታኪ ይበቃል፤ ትሎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ፣ ወደ ማታ ሲረጭ።

ስፒኖሳድ የሚገኘው ከሌላ የአፈር ባክቴሪያ ነው። ነርቭን ስለሚመታና በመነካትም ስለሚሠራ በ1 ወይም በ2 ቀን ይገድላል፤ ትሎቹ ካደጉ በኋላ የማነሣው እሱን ነው። ከእሱ የተረፉትም ይዘገያሉ። ችግሩ ትኩስ ርጭቱ ተርቦቹንም መፍጀቱ ነው፤ የዘገየውን ትል የሚጨርስ አይኖርም። ርጥብ ሳለ ንብም ይገድላል።

ሌላም አለ፤ ኢስራኤለንሲስ፣ በ1976 የተገኘ ቢቲ። ማሸጊያው ላይ «ቢቲ» የሚለውን ብቻ አንብቤ አንድ ጊዜ ገዝቼዋለሁ። የሚያጠቃው የወባ ትንኝንና የመሳሰሉትን እጮች ነው፤ የእኔ አባጨጓሬዎች ቅጠሉን በልተው ጨረሱት።