የሻዎሚ የኪስ ኮምፕሬሰር ለከባድ ሞተር፦ ለመንፋት አዎ፣ ለመለካት ግን ብቻውን አይበቃም

የመጀመሪያው የሻዎሚ ባትሪ ኮምፕሬሰር ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ ከሞተር የጎን ሳጥን ጥግ ተወሽቆ የሚረሳ ዕቃ ነው። ጉልበቱ አያሳፍርም። እስከ 150 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይገፋል፤ የአብዛኛው ከባድ ሞተር ጎማ የሚጠይቀው ግን ቢበዛ 42 ገደማ ነው። ስለዚህ ይችላል አይችልም ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ይችላል። ችግሩ የት ላይ መቆም እንዳለበት አለማወቁ ነው።

ማሽኑ ላይ የሞተር ሳይክል ሥዕል ያለበት ምርጫ አለ። ያንን መርጠው ሌላ ምንም ሳይነኩ ቢያስነሱት 2.4 ባር (1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው) ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ይህ ቁጥር ከብዙ ከባድ ሞተሮች የፊት ጎማም የኋላ ጎማም ጋር አይገጥምም። ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስን እንውሰድ፦ ፊት 2.5፣ ኋላ 2.9 ባር ነው የሚፈልገው። ፊት የጎደለው 0.1 ምንም አይደለም። ኋላ የጎደለው ግን 0.5 ባር ነው፤ በፒኤስአይ 7 መሆኑ ነው። ሞተሩ ነዳጁን ይዞ 249 ኪሎ ይመዝናል፣ ሰውና ጓዝ ተጨምሮ እስከ 465 ኪሎ ድረስ ይፈቀድለታል፤ ከተጨመረው ጭነት አብዛኛው የሚያርፈው ደግሞ ኋላ ነው። ማሽኑ የሚያጎድለው እንግዲህ ጭነቱን በተሸከመው ጎማ ላይ ነው። እንደ እድል ሆኖ የሞተር ምርጫው እስከ 3.0 ባር ድረስ በመደመር ቁልፉ ከፍ ይላል። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ከማስነሳት በፊት ስክሪኑን አይቶ ቁጥሩን ማስተካከል ግድ ነው።

ትክክለኛው ቁጥር የተጻፈው በሞተሩ ላይ ነው፦ የኋላውን ጎማ በያዘው ክንድ ወይም በወንበሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ እንዲሁም በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ 1800 ፊት 36፣ ኋላ 41 ፒኤስአይ ይላል። ሱዙኪ ሃያቡሳ ሁለቱንም 42 ያደርጋል። ቪ-ስትሮም 650 ፊቱን ሁልጊዜ 33 ላይ ይተውና ኋላውን ለብቻ ሲነዳ 36፣ ሰው ሲፈናጠጥ 41 ይለዋል። ከዚህ የሚወሰደው ልማድ ቀላል ነው፦ ጭነት ሲጨምር የሚጨመረው በአብዛኛው የኋላው ነው። በጎማው ጎን ላይ በትልቁ የተቀረጸውን ቁጥር ይዞ የሚሞላ ጎሚስታ ካጋጠመ ማስቆም ያስፈልጋል። ያ ቁጥር ጎማው የመጨረሻ ጭነቱን የሚሸከምበት ግፊት እንጂ ለእርስዎ ሞተር የተመከረ አይደለም። ያው ጎማ በሌላ ሞተር ላይም ይገጠማል።

ንፋስ ሲያንስ ምን ይሆናል? ክብደቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን አየሩ ነው። አየሩ ሲያንስ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር አብዝቶ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱም በውስጡ ያለውን ክር ከላስቲኩ ያላቅቀዋል። በጭነትና በፍጥነት ላይ ጎማ የሚፈነዳው በብዛት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ግን ምልክት ይሰጣል፦ መሪው ይከብዳል፣ ሞተሩ ኩርባ ላይ መጋደም እምቢ ይላል፣ የፊት ጎማው ጥርስ በየተራ ከፍና ዝቅ እያለ ይበላል። ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ቸርኬው ይጎነደላል። ካላማዳሪ ባለው ጎማ ላይ ሌላ መዘዝ አለ፦ ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ካላማዳሪውን ከቫልቩ ሥር ይቀደዋል። ንፋስ ሲበዛ መሬት የሚነካው ክፍል ይጠባል፣ የመሀሉ ጥርስ ቀድሞ ያልቃል፣ ኮብልስቶን ላይ ሞተሩ ይነጥራል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ያንሸራትታል። ከሁለቱ የሚብሰው ማነሱ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ። የሻዎሚው የራሱ መለኪያ እስከ 2 ፒኤስአይ ወዲህ ወዲያ ሊል እንደሚችል አምራቹ ራሱ አስቀምጧል። ለኳስ ምንም አይደለም። ለከባድ ሞተር ግን 42 ብሎ ያቆመው ጎማ 40 ወይም 44 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አጠገቡ የተለየ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ይኑር፦ ባለ ቱቦ፣ ባለ መርፌ፣ አየር መልቀቂያ ቁልፍ ያለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ0 እስከ 60 ፒኤስአይ ብቻ የሚያነብ። የመርፌ ጌጅ ስህተት የሚሰላው ከሙሉ ክልሉ ነው። 2 ከመቶ የሚስት ጌጅ ክልሉ 60 ከሆነ በ1.2 ይስታል፤ ለጭነት መኪና የተሠራው የ160 ጌጅ በዚያው 2 ከመቶ በ3.2 ይስታል። ነዳጅ ማደያና ጎሚስታ ቤት ያለው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ዓይነት ነው፤ ያውም በቀን ስንቴ መሬት ላይ እየተጣለ። አንዳንዱ ደግሞ በኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር ያነባል፤ 1 ኪሎግራም 14.2 ፒኤስአይ፣ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ስለሆነ ሁለቱን እንደ አንድ ቢቆጥሯቸው ብዙ አያጎድልም።

ጌጅ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ይህ ለአዲስ አበባ ነጂ ትርጉም አለው። በ2350 ሜትር ላይ የውጭው አየር ግፊት 0.77 ባር አካባቢ ነው። ወደ አዋሽ ወርዶ 1000 ሜትር ላይ ሲደረስ 0.90 ይሆናል። ጎማው አንዲት ትንፋሽ ሳያወጣ ጌጁ 0.13 ባር ቀንሶ ያሳያል። ቆላው ግን ሞቃት ነው። 2.9 ባር የተሞላ ጎማ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲጨምር 0.19 ባር ያህል ከፍ ይላል። አንዱ ሌላውን ሊያጣፋው ምንም አይቀረው፤ የሚተርፈው 0.06 ነው። ስለዚህ በማለዳ አዲስ አበባ ላይ በልኩ የተሞላን ጎማ አዋሽ ላይ መጨመርም መቀነስም አያስፈልግም፤ ሲመለሱም እንዲሁ።

ከፍታ የሚያሳስተው በቫልቭ አፍ ላይ የሚጠለቁትን ርካሽ የግፊት ሴንሰሮች ነው። አንዳንዶቹ የውጭው አየር ያለበትን ሙሉውን ግፊት ለክተው የባሕር ወለልን አየር፣ 1.01 ባርን፣ ይቀንሳሉ። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለው ሴንሰር ከእውነተኛው ከ3 ፒኤስአይ በላይ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ያንን አምኖ የሚጨምር ሰው ጎማውን ከልክ በላይ ይነፋል። ማጣራቱ ቀላል ነው፦ በቀዝቃዛ ጎማ ላይ ከጌጁ ጋር ያነጻጽሩት። የሻዎሚውንም ቱቦው ክፍት እያለ ስክሪኑን ይዩት፤ ዜሮ ማሳየት አለበት። የቢኤምደብሊው የራሱ ሴንሰር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ጎማው ቢሞቅም ንባቡን ወደ 20 ዲግሪ መልሶ አስልቶ ነው የሚያሳየው። ከጉዞ መልስ ዳሽቦርዱ 2.9 ሲል ጌጁ 3.2 ቢል አንዱም አልተሳሳተም።

አሞላሉ ይህን ይመስላል። ሞተሩ ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ፣ ፀሐይም ያልመታው ይሁን። በማዕከላዊ ማቆሚያ ላይ መሆኑና አለመሆኑ ንባቡን አይለውጥም። መጀመሪያ በጌጅ ይለኩ። የማሽኑን ቱቦ ሲመዙት ራሱ ይበራል፤ ከቫልቩ ጋር አጥብቀው ያሽከርክሩት፤ ቁጥሩን ከሚፈልጉት 0.1 ባር ከፍ ያድርጉና ያስነሱት። ሲቆም ቱቦውን በፍጥነት ይፍቱ፤ «ጢስስ» የሚለው በአብዛኛው በቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ነው። ከዚያ በጌጁ እያዩ ትርፉን በመልቀቂያው ቁልፍ ያውርዱ። ከላይ ወደ ታች መጥቶ ልክ ላይ ማረፍ፣ ከታች ወደ ላይ እየጨመሩ ከመፈለግ ይቀላል። የቱቦው ጫፍ ብረት ስለሚሞቅ ሲፈቱ ጨርቅ ይያዙ። ቱቦው አጭር ነው፤ ባለ ሁለት ዲስክ የፊት ጎማ ላይ ቫልቩ ቀጥ ያለ ከሆነ እጅ ማስገባት ያስቸግራል። 90 ዲግሪ የታጠፈ መገናኛ ገዝቶ መያዝ ይህን ይፈታል፤ ከሞሉ በኋላ ግን ይንቀሉት። ጎማው በፍጥነት ሲሽከረከር ክብደቱ የላስቲክ ቫልቭን ጎትቶ ከሥሩ ይሰነጥቀዋል። ከላይ ያልናቸው የቫልቭ ሴንሰሮችም በላስቲክ ቫልቭ ላይ የሚያመጡት ጣጣ ይኸው ነው፤ ለእነሱ የብረት ቫልቭ ይገጠም።

ቁጥሩ ለጭነትዎ መስማማቱን ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ ግማሽ ሰዓት አስፋልት ላይ በጉዞ ፍጥነት ነድተው እንደቆሙ ይለኩ። ከቀዝቃዛው አንድ አሥረኛ ያህል መጨመር የተለመደ ነው፤ 36ቱ ወደ 40፣ 42ቱ ወደ 46። ከዚያ በጣም ካለፈ መነሻው አንሷል፣ ወይም ጭነቱ በዝቷል። ያን ጊዜ የሞቀውን ማስተንፈስ ነገሩን ያብሰዋል፤ ሲቀዘቅዝ መጨመር ነው የሚበጀው።

ይህ ማሽን ዋጋውን የሚያወጣው ፒስታ መንገድ ላይ ነው። ጠጠር ላይ ከሁለቱም ጎማ 0.4 ባር ያህል ማውረድ መያዣውን ያሻሽላል፣ እጅንም ያሳርፋል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በታች እስከሆነ ድረስ። ሹል ድንጋይ የበዛበት ከሆነ ግን ባይወርድ ይሻላል፤ ቸርኬ ያስከፍላል። አስፋልት ሲደረስ መልሶ መሙላት ያስፈልጋል፣ ጎሚስታ ደግሞ እዚያ ላይኖር ይችላል። ማሽኑ እዚህ ያለ ጭቅጭቅ ያገለግላል።

የማይችለው ነገርም አለ። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ከቸርኬው ከንፈር ከወለቀ ይህ ማሽን አያስቀምጠውም፤ ለዚያ ብዙ አየር በአንድ ጊዜ መግፋት ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የሚያወጣው ትንሽ ትንሽ ነው። ምስማር ወግቶት ከተደፈነ በኋላ፣ ከንፈሩ ሳይለቅ፣ ከዜሮ መንፋት ይችላል፤ በመሀል እያሳረፉት። ባትሪው ወር ሁለት ወር ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ከጉዞ በፊት መሞላት አለበት። ይህን የሚረሳ ሰው ከሞተሩ ባትሪ የሚሠራ የ12 ቮልት ኮምፕሬሰር ቢገዛ ይሻለዋል። እሱንም ከሞተሩ ሶኬት ላይ አይሰኩት፤ ብዙው ሶኬት የሚችለው ከ5 እስከ 10 አምፔር ነው፣ ኮምፕሬሰሩ ከዚያ በላይ ከሳበ ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ሞተሩ ራሱ ይዘጋዋል። በቀጥታ ከባትሪው፣ ፊውዝ ባለው ገመድ ይሁን።