ቤቱ ጥሩ ነው፣ ከበሩ ፊት ያለው መንገድ ግን...

ካራን አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መስመር ካሉት አዳዲስ መንደሮች በአንዱ ተከራይቼ ነው የምኖረው። የአልሚውን ስም አልጠራም። እዚህ አካባቢ ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ይህቺን አንብቡ።

በቤቱ ብዙ አላማርርም። ፊኒሺንጉ ንጹህ ነው፣ የውሃ ታንከር አለው፣ ጥበቃዎቹም ሰው አክባሪ ናቸው። መብራቱ ያው እንደ ሰፈሩ ነው። እኔን ያስመረረኝ ከበሩ ውጭ ያለው የመኪና መግቢያ ነው።

ቦታው ዳገት ነው። የላይኛው ረድፍ ቤቶች ከአስፋልቱ ከፍ፣ የታችኞቹ ደግሞ ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። አልሚው ለሁሉም አንድ ስሎፕ (ተዳፋት)፣ 10 በመቶ፣ ማለትም በየ1 ሜትሩ 10 ሳንቲሜትር፣ ወሰነና ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ጋራዡ ድረስ በአንድ መስመር ኮንክሪት ሞላበት። ለመኪና እሰየው ነው። ቪትዝ እንኳን ሆዷን ሳትነካ ትገባለች። ግን መሃል ላይ የእግረኛ መንገድ አለ አይደል? እሱም አብሮ ዘመመ። ስፋቱ 2 ሜትር ስለሆነ በየበሩ አንዱ ጠርዝ ከሌላው 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል።

አንዲት ጎረቤታችን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በምርኩዝ ነው። በር ጋ በደረሱ ቁጥር ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ፣ በሩን ሲያልፉ መልሰው ይወጣሉ፣ ቀጥሎ ሌላ በር አለ። «እማማ፣ በእግረኛው በኩል አይሻልዎትም?» ብላቸው «እሱማ ይጥለኛል ልጄ፤ ባጃጁ ቢያንስ ጥሩንባ ይነፋል» አሉኝ።

ክረምት ላይ ይብሳል። ኮንክሪቱ ልሙጥ ስለሆነ ሲረጥብ ያንሸራትታል። የታችኛው ረድፍ ደግሞ ስሎፑ ወደ ቤት ስለሚያጋድል የሐምሌ ጎርፍ ዲቹን (የመንገዱን ዳር የውሃ ቦይ) ትቶ የእግረኛውን መንገድ አቋርጦ ግቢ ይገባል። አንዳንዱ ጎረቤት በሩ ላይ ሲሚንቶ ደፍኖ ጉብታ ሠርቷል፣ እግረኛው እሱንም ይሻገራል እንግዲህ።

የሳይቱን ኢንጂነር ጠየቅኩት። «ስታንዳርዳችን ነው፣ ከ10 በላይ አንፈቅድም» አለኝ። ቁጥሩን አልጠላሁትም፣ ግትርነቱን እንጂ። እስቲ የላይኛውን ረድፍ እናስላው። ከአስፋልቱ እስከ ጋራዡ 7 ሜትር ተኩል ነው፣ ከፍታው 75 ሳንቲሜትር። የመጀመሪያው 1 ሜትር ላይ 12 ሳንቲሜትር ውጣ። ቀጥሎ ያለው 2 ሜትር የእግረኛው ነው፣ 4 ሳንቲሜትር ብቻ ይዝመም፣ ውሃ እንዲፈስበት ያህል። የቀረው 4 ሜትር ተኩል 59 ሳንቲሜትር ይወጣል፣ 13 በመቶ ገደማ። በቃ! ስሎፑ ትንሽ ጠንከር አለ፣ መንገዱ ግን ተስተካከለ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች መስፈርት የእግረኛ መንገድ ወደ ጎን ከ1 ለ48፣ ማለትም ከ2 በመቶ ብዙም ፈቀቅ እንዳይል የሚያዘው ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን ልናገር። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ያለበት ቤት 13 በመቶ አይሆነውም። ለዊልቸር ራምፕ የሚፈቀደው ከ1 ለ12 አይበልጥም፣ 8 በመቶ ገደማ ነው፤ የአሁኑ 10 በመቶም ቢሆን አይመጥነውም። ለእንዲህ ያለው ቤት ጎኑ ላይ ጠመዝማዛ መግቢያ መሥራት ወይም ቤቱን ዝቅ አድርጎ ማነፅ ይቻላል። የታችኛው ረድፍ ደግሞ በሩ ላይ ፍርግርግ ያለው ቦይ ይፈልጋል። ጠንከር ያለው ስሎፕ ላይ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ መስመር መስመር ቢጫርበት ጎማም እግርም ይይዛል። ይኼ ሁሉ ቤት በቤት ታይቶ የሚወሰን ነገር ነው።

የመንደሩ ሁለተኛው የግንባታ ምዕራፍ ገና አፈር እየተቆረጠለት ነው። ለመግዛት የምትሄዱ ሰዎች፣ ሽያጭ ቢሮው የሚያሳያችሁን ሥዕል ተዉትና የመግቢያውን ሴክሽን (ከፍታና ዝቅታውን ከጎን የሚያሳየውን ንድፍ) ጠይቁ፣ የእግረኛው መንገድ በሩ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በጣታችሁ ተከተሉት። ከ5 ኮከብ ለቤቱ 4 እሰጣለሁ፣ ለውጩ 2።